የቅጠሉ የልጅ ልጆች፦ አዳዲስ አደንዛዥ ዕፆች ከየት መጥተው ወዴት ይሄዳሉ?

ከአወዳይ ጫት ጭኖ የተነሳ አይሱዙ በመንገድ ላይ ያጋጠመው ሰው ፍጥነቱን አይረሳውም። ሹፌሩ የሚሽቀዳደመው ከሌላ መኪና ጋር ሳይሆን ከጊዜ ጋር ነው። መርቃናን የሚያመጣው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቀነጠሰበት ሰዓት ጀምሮ እየፈረሰ ይሄዳል። በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ አብዛኛው ካቲን ወደሚባል ደካማ ዘመዱ ይለወጣል። የጠወለገ ጫት ዋጋ የሚያጣው ለዚህ ነው።

ይህ ባሕርይ ጫትን ለብዙ ዘመን ከቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ርቆ እንዳይሄድ አድርጎት ኖሯል። በኋላ ግን ኬሚስቶች ካቲኖንን ከቅጠሉ ለይተው አወጡት። ሌሎች ያለ ቅጠል በላቦራቶሪ ሠሩት፤ ቅርጹንም ጥቂት በጥቂት እየለወጡ አባዙት። የልጅ ልጆቹ በቴል አቪቭ ኪዮስክ፣ በብሪታንያ ጭፈራ ቤቶችና በፍሎሪዳ ጎዳናዎች ታዩ። በዜና «አዲስ አደንዛዥ ዕፅ ተገኘ» ሲባል የምንሰማው ነገር እንዴት እንደሚወለድ፣ እንደሚዛመትና እንደሚከስም ለማየት ከዚህ ቤተሰብ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ለእኛ ደግሞ የባዕድ ታሪክ አይደለም፤ አያቱን በስም እናውቀዋለን።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«አዲስ» ሲባል በእርግጥ አዲስ ነው?

ብዙውን ጊዜ አይደለም። አዲስ የሚሆነው ገበያው እንጂ ንጥረ ነገሩ አይደለም። ከካቲኖን ቤተሰብ በጣም የታወቀው ሜፌድሮን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው በ1929 ነው። ከዚያ በኋላ ሰባ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ማንም አላስታወሰውም። ኤክስታሲ በሚል ስም የሚታወቀው ኤምዲኤምኤ በ1912 በጀርመኑ መርክ ኩባንያ የተሠራ ነው። ዛሬ በአውሮፓም በምዕራብ አፍሪካም ሰው የሚገድሉት ኒታዚኖች በ1950ዎቹ የስዊዘርላንዱ ሲባ ኩባንያ የሕመም ማስታገሻ ሲፈልግ የሠራቸውና ከሚገባው በላይ ኃይለኛ ሆነው በመገኘታቸው ለሕክምና ያልበቁ ውህዶች ናቸው።

አንዳንዱ የተወለደው ፍጹም ቅን በሆነ ሥራ ውስጥ ነው። በአሜሪካ ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ጆን ሃፍማን ካናቢስ አንጎል ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማጥናት በርካታ ውህዶችን ሠርተው ቀመራቸውን እንደማንኛውም ተመራማሪ ለሳይንስ ዓለም አካፈሉ። በ2008 መጨረሻ የጀርመንና የኦስትሪያ ላቦራቶሪዎች «ስፓይስ» በሚል ስም እንደ ዕጣን የሚሸጥ የደረቀ ቅጠል ሲመረምሩ ከውህዶቹ አንዱን ተረጭቶበት አገኙት። ስሙ ጄደብሊውኤች 018 ነው፤ ሦስቱ ፊደላት የፕሮፌሰሩ ስም መነሻዎች ናቸው።

ስለዚህ አዲስ የሚባለው፣ በ1961ና በ1971 በተደረጉት የተባበሩት መንግሥታት ስምምነቶች ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ በቅርቡ ገበያ ላይ የታየ ንጥረ ነገር ነው። እዚህ ላይ የራሳችን ቃልም ሊያሳስተን ይችላል። «አደንዛዥ ዕፅ» እንላለን፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ግን ዕፅ አይደሉም፣ ብዙዎቹም አያደነዝዙም። ልብ የሚያፋጥኑና እንቅልፍ የሚነሱ አነቃቂዎች አሉ። አተነፋፈስ የሚያዘገዩ አደንዛዦች አሉ። የሌለ ነገር የሚያሳዩም አሉ። የካቲኖን ቤተሰብ ከአነቃቂዎቹ ወገን ነው።

ቅጠሉና ካፕሱሉ አንድ ዓይነት ከሆኑ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የመን ውስጥ ይኖሩ የነበሩ አይሁድ ወደ እስራኤል ሲገቡ የጫት ልማዳቸውን ይዘው ገቡ። ቅጠሉ እዚያ ዛሬም አልተከለከለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን በኪዮስኮች «ሐጊጋት» የሚባል ካፕሱል መሸጥ ጀመረ። ስሙ በዕብራይስጥ ፌሽታ ማለት ከሆነው «ሐጊጋ» እና ጫት ከሚባልበት «ጋት» የተገጣጠመ ነው። የሚሸጠውም ከተፈጥሮ የተገኘ ብርታት ሰጪ እየተባለ ነበር። በውስጡ የነበረው ግን 200 ሚሊ ግራም ካቲኖን ነው።

ልዩነቱን በጠላና በአረቄ ማስረዳት ይቻላል። በሁለቱም ውስጥ ያለው አልኮል አንድ ነው። ጠላ የሚጠጣ ሰው ግን ከመስከሩ በፊት ሆዱ ይሞላል፤ መጠጡ ራሱ ልጓም አለው። ጫትም እንዲሁ ነው። በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ቅጠሉን ሲያኝክ መንጋጋው ይደክማል፣ ጉንጩ ይሞላል፣ ካቲኖኑም በሰዓታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ወደ ደሙ ይገባል። ይህን ስል ቅጠሉ ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። ካፕሱሉ ግን ልጓሙን አውልቆ ጣለው፤ የግማሽ ቀን ሥራ በአንድ ጉንጭ ውኃ ተዋጠ። የእስራኤል ሐኪሞች ሐጊጋት ወስደው ከመጡ ሰዎች ላይ እጅግ ከፍ ያለ የደም ግፊት፣ የደረት ሕመም፣ የልብ ጡንቻ የደም እጥረትና የአንጎል ደም መፍሰስ መዘገቡ። ካፕሱሉ በ2004 ታገደ።

ከታገደ ለምን አያበቃም?

የሠርግ ቤት በር ላይ የቆመ ዘበኛ እናስብ። በእጁ እንዳይገቡ የተከለከሉ ሰዎች የስም ዝርዝር አለ። ከተከለከሉት የአንዱ ወንድም ቢመጣ፣ መልኩም ጠባዩም ያው ቢሆን እንኳ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ስለሌለ ዘበኛው ማስገባት ግድ ይሆንበታል። ብዙ አገሮች ለረጅም ጊዜ የነበራቸው ሕግ እንዲህ ነው፤ ንጥረ ነገሮችን አንድ በአንድ በስም ይከለክላል። ካቲኖን ላይ ሁለት ትናንሽ የካርቦን ቅርንጫፎች ሲጨመሩ ሜፌድሮን ይሆናል። አንጎል ውስጥ የሚነካው በር ያው ነው፤ በሕግ ፊት ግን ሌላ ሰው ነው።

እስራኤል ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው። ካቲኖን በታገደ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሜፌድሮን ያለባቸው ካፕሱሎች መጡ፤ በ2008 መጀመሪያ እነርሱም ታገዱ። በዚያን ጊዜ ግን ዕቃው አውሮፓ ደርሶ ነበር። ስዊድን በ2008 አንድ ወጣት ሞቶባት በዓመቱ መጨረሻ ከለከለችው። በሌሎች አገሮች ፓኬቱ ላይ «የእፅዋት ማዳበሪያ» ወይም «የመታጠቢያ ጨው» እና «ለሰው ፍጆታ የማይውል» የሚል እየተጻፈበት በግላጭ ይሸጥ ነበር። የዚያ ጽሑፍ ዓላማ ሻጩን ከምግብና ከመድኃኒት ሕግ ማስመለጥ ነው። ገዢውም ሻጩም ውሸቱን ያውቁታል።

ለምን በዚያ ጊዜ? ለምን በዚያ ቦታ?

ሜፌድሮን ብሪታንያን ያጥለቀለቀው በ2009 ነው። አንድ ወጣት በድረ ገጽ አዝዞ፣ በባንክ ካርድ ከፍሎ፣ ከሁለት ቀን በኋላ በፖስተኛ እጅ ይቀበለው ነበር። ዕቃው በአብዛኛው የሚመጣው ከቻይና ፋብሪካዎች ነው። ነገር ግን ድረ ገጹም ፖስታውም ከዚያ በፊት ነበሩ። 2009ን የለየው ምንድን ነው?

የመልሱ ግማሽ ያለው ካምቦዲያ ጫካ ውስጥ ነው። ኤክስታሲ ከሚሠራባቸው ጥሬ ዕቃዎች አንዱ ከዛፍ የሚወጣ ሳፍሮል የተባለ ዘይት ነው። በሰኔ 2008 የካምቦዲያ ባለሥልጣናት የያዙትን 33 ቶን ዘይት አቃጠሉ። በዚያው ሰሞን በብሪታንያ ኤክስታሲ ተብለው የሚሸጡ እንክብሎች ውስጥ ዋናው ንጥረ ነገር እየጠፋ፣ ኮኬይኑም በባዕድ ነገር እየተበረዘ መጣ። ገንዘቡን ይዞ ቅዳሜ ማታ የወጣው ደንበኛ ዕቃ አጣ። ጤፍ በተወደደ ዓመት ቤተሰብ ወደ በቆሎና ማሽላ እንደሚዞር ሁሉ፣ ይህም ደንበኛ ርካሽ፣ ያልተበረዘና ሕግ ያልከለከለው ወደሆነው ዱቄት ዞረ። በ2010/11 በእንግሊዝና በዌልስ በተደረገው መንግሥታዊ የወንጀል ጥናት ከ16 እስከ 24 ዓመት ከሆኑት ወጣቶች 4.4 በመቶው በዚያ ዓመት ሜፌድሮን መውሰዳቸውን ተናገሩ። ቁጥሩ ለኮኬይን ከተሰጠው መልስ ጋር እኩል ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ማንም ስሙን የማያውቀው ንጥረ ነገር ነው።

የቀረው የመልሱ ግማሽ የሰው አንደበት ነው። አዲስ ዕፅ የሚዛመተው በማስታወቂያ ሳይሆን በጓደኛ ቃል ነው፦ «እኔ ወስጄው ምንም አልሆንኩም»። ይህን የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ እየዋሸ አይደለም፤ የወሰደው ትናንት ነውና። ደስታው በአንድ ሌሊት ይታያል። የአፍንጫ መድማቱ፣ የእንቅልፍ እጦቱ፣ ደጋግሞ ከመውሰድ መታቀብ አለመቻሉ፣ የሰኞና የማክሰኞ ጭንቀቱ ግን ወራት ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ነው ዕፁ የሚዛመትበት ጊዜ። ወረርሽኙን ከምንም በላይ የሚገፋው ይህ የወሬ መዘግየት ይመስለኛል፤ ከኬሚስቱ ብልሃትም ከሕጉ ቀዳዳም ይበልጣል። መምህርም ወላጅም ሐኪምም ገና የሚናገሩት ስለሌላቸው ሜዳው ላይ ያለው ምስክር ያ የትናንቱ ተጠቃሚ ብቻ ነው።

ዜናውስ ምን አደረገ?

በመጋቢት 2010 በሰሜን እንግሊዝ ሁለት ወጣቶች ሞቱ፤ ጋዜጦች የገደላቸው ሜፌድሮን ነው ብለው በፊት ገጽ ጻፉ። በሚያዝያ 16 ቀን 2010 ዕፁ ታገደ። ከሳምንታት በኋላ የወጣው የላቦራቶሪ ውጤት ግን ሁለቱም ሜፌድሮን እንዳልወሰዱ አሳየ። ሜፌድሮን ሰው አልገደለም ማለት አይደለም፤ በሌሎች አጋጣሚዎች ገድሏል። ነገር ግን ያ ዜና እውነቱን ከማወቅ ቀድሞ ሄዷል። በእያንዳንዱ የሞት ዜና ሰሞን ዕፁን በኢንተርኔት የት መግዛት እንደሚቻል የሚፈልጉ ሰዎችም ይበረክቱ ነበር። ስሙን፣ ዋጋውንና የሚሸጥበትን መንገድ ዘርዝሮ የሚጽፍ ዘገባ፣ ለማስፈራራት ቢጻፍም፣ ላልሰማው ሰው ማስታወቂያ ይሆናል።

ታዲያ እገዳው ሠራ?

በከፊል ሠርቷል። በ2012/13 የወጣቶቹ ቁጥር ወደ 1.6 በመቶ ወረደ። ዋጋው በእጥፍ ገደማ ጨመረ፣ ጥራቱ ወረደ፣ ንግዱ ከድረ ገጽ ወደ ጎዳና ሻጭ ተሻገረ። በዚያው ልክ አዲስ ማታለያ መጣ። እገዳው እንደወጣ «ኤንአርጂ 1» የሚባል ሕጋዊ ተተኪ ተብሎ ሲሸጥ ተመራማሪዎች ገዝተው መረመሩት፤ በአብዛኞቹ ፓኬቶች ውስጥ ያገኙት ያንኑ ገና የታገዱትን ካቲኖኖች ነበር። የቆየ ክምችት በአዲስ ስም ይራገፍ ነበር ማለት ነው። ገዢው የሚውጠውን አያውቅም፤ ሻጩም ብዙ ጊዜ አያውቅም።

ብሪታንያ በመጨረሻ በስም መከልከል ሰልችቷት በግንቦት 2016 ሌላ ዓይነት ሕግ ሥራ ላይ አዋለች። አእምሮ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ነገር መሸጥ ክልክል ሆነ፤ አልኮል፣ ኒኮቲን፣ ካፌይን፣ ምግብና መድኃኒት ብቻ ተፈቀዱ። ሱቆቹ ተዘጉ። በእስር ቤቶችና መጠለያ በሌላቸው ሰዎች ዘንድ ግን ስፓይስን የመሳሰሉት ሰው ሠራሽ ካናቢኖይዶች አልጠፉም።

አንድ ዕፅ በምን ይከስማል?

በጣም ግልጽ ሆኖ የታየው በፍሎሪዳ ነው። ፍላካ የሚባለው የካቲኖን ዘመድ በብሮዋርድ አውራጃ ከ2014 እስከ 2015 መጨረሻ ከ60 በላይ ሰዎች ከሞቱበት በኋላ፣ በ2016 ከሞላ ጎደል ከሆስፒታሎች ጠፋ። በጥቅምት 2015 ቻይና 116 ንጥረ ነገሮችን በአንድ ጊዜ አግዳ ነበር፤ ፍላካ አንዱ ነው። የሚታዘዘው በቀጥታ ከዚያ ስለነበረ ምንጩ ደረቀ። በዚያ ላይ ነዋሪው ሰው ጎዳና ላይ ራሱን ስቶ ሲሮጥ በዓይኑ አይቷል። ምንጩ ሲዘጋና ስሙ ሲበላሽ፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲሆኑ፣ አወዳደቁ ፈጣን ይሆናል። አንዱ ብቻ ሲሆን ግን ዓመታት ይወስዳል።

አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ዴቪድ ሙስቶ ከዚህ ሰፋ ያለ ነገር አስተውለዋል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ በኮኬይን ተጎድታ ነበር፤ ጉዳቱን ያየው ትውልድ ራቀው። ያ ትውልድ ሲያልፍ ትዝታውም አብሮ ተቀበረ፤ በ1970ዎቹ ኮኬይን ጉዳት የሌለው የሀብታም መዝናኛ እየተባለ ተመለሰ።

የከሰመውስ ወዴት ሄደ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አንድ ዕፅ ከጭፈራ ቤትና ከዜና ሲጠፋ ያለቀለት ይመስለናል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ቦታ ቀይሯል። በሃንጋሪና በሩማንያ ሄሮይን በጠፋበት ሰሞን በመርፌ የሚወስዱ ድሆች ወደ ካቲኖኖቹ ዞሩ። የካቲኖን ኃይል ቶሎ ስለሚያልቅ መርፌው በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ ያው መርፌ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል። በ2011 በቡካሬስት የተነሳው የኤችአይቪ ወረርሽኝ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ዕፁ በፋሽን ላይ ሳለ የሚወስዱት ሥራም ቤተሰብም ያላቸው ወጣቶች ነበሩ። ፋሽኑ ሲያልፍ የቀረው ሌላ ምንም በሌላቸው ሰዎች እጅ ነው፤ ካሜራውም በዚያን ጊዜ ሄዷል።

አንዳንዱ አገር ይቀይራል። በ1951 ሕንድ ውስጥ የተሠራው የእንቅልፍ መድኃኒት ሜታኳሎን በ1970ዎቹ የአሜሪካ ወጣቶች ዕፅ ነበር። አምራች አገሮች ዱቄቱን መሥራት እንዲያቆሙ ከተግባቡና በ1984 ከታገደ በኋላ ከአሜሪካ ጠፋ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ግን ማንድራክስ ተብሎ እስከ ዛሬ ይጨሳል።

ስሙ ቀርቶ ይዘቱ የሚቀየርም አለ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ወገኖች ስለ ካፕታጎን ሳትሰሙ አትቀሩም። የመጀመሪያው ካፕታጎን በ1961 ጀርመን ውስጥ የተሠራ፣ ፌነቲሊን የተባለ ንጥረ ነገር ያለበት መድኃኒት ነበር፤ በ1986 በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ዋለ። ዛሬ የካፕታጎን ምልክት ታትሞበት የሚሸጠው እንክብል ውስጥ በአብዛኛው ያለው ግን አምፌታሚንና ካፌይን ነው።

የካቲኖን ቤተሰብስ? በአውሮፓ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩ አዳዲስ ንጥረ ነገሮች በ2014 101 ነበሩ፤ በ2023 26 ብቻ ናቸው። ይህን ብቻ ያየ ሰው ነገሩ አበቃ ሊል ይችላል። በዚያው በ2023 ግን አውሮፓ ውስጥ የተያዘውና የገባው ሰው ሠራሽ ካቲኖን 37 ቶን ነበር፤ አብዛኛው ከሕንድ የመጣ ነው። ፖላንድ ውስጥ ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ ማምረቻዎች ይገኛሉ። ዓይነቱ ቀነሰ፣ ክብደቱ ጨመረ።

አፍሪካም ከዚህ ውጭ አይደለችም። የሴራሊዮን ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ማዳ ባዮ በሚያዝያ 2024 «ኩሽ» በሚባል የሚጨስ ድብልቅ ምክንያት ብሔራዊ አስቸኳይ ሁኔታ አወጁ። በኋላ በተደረገ ምርመራ በውስጡ ኒታዚኖችና ሰው ሠራሽ ካናቢኖይዶች ተገኙ፤ ከላይ ያየናቸው፣ ከላቦራቶሪ መደርደሪያ የወጡት ናቸው።

አንድ ሰው ወስዶ ቢታመም ምን ይደረጋል?

ከአነቃቂዎቹ ወገን ሲሆን የአደጋ ምልክቶቹ የደረት ሕመም፣ እሳት የሚመስል የሰውነት ሙቀት፣ መንቀጥቀጥና መደናገር ናቸው። ከአደንዛዦቹ ወገን ሲሆን አተነፋፈስ ይዘገያል፣ ከንፈር ይጠቁራል፣ ሰውየው ቢጠሩት አይሰማም። በሁለቱም ጊዜ ሐኪም ዘንድ በፍጥነት ማድረስ ነው። ለሐኪሙ የተወሰደውን እውነቱን መንገር፣ የቀረ ካለም ፓኬቱን መያዝ ሕይወት ያድናል። በደረቱ አስተኝቶ ጀርባው ላይ መጫን አደገኛ ነው፤ እየተደናበረ የሚሮጠውን ሰው እንዲህ ሲይዙት ትንፋሹ የተቋረጠ ብዙዎች ናቸው። ራሱን የሳተውን ግን እየተነፈሰ ከሆነ በጎኑ ማስተኛት ይገባል።

ጫት ይዞ የሚጓዝ ሰው ምን ይመለከተዋል?

ቅጠሉ በዓለም አቀፍ ስምምነቶቹ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ካቲኖን ግን አለ። ስለዚህ እያንዳንዱ አገር የራሱን መስመር አስምሯል። እስራኤል ቅጠሉን ትፈቅዳለች፣ የተነጠረውን ትከለክላለች። ኔዘርላንድስ በ2013፣ ብሪታንያ በሰኔ 2014 ቅጠሉንም ከለከሉ። አሜሪካ ውስጥ ካቲኖን ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ ተመዝግቧል፤ ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም ጫትን ይከለክላሉ። የደረቀው ቅጠል ከዚህ ውጭ ነው ብሎ የሚያስብ አለ። በአግባቡ በደረቀ ጫት ውስጥ ግን ካቲኖን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። አሜሪካ ውስጥ ፖሊስና ጉምሩክ ይህን ዕቃ በራሳችን ቃል «ገራባ» ብለው ያውቁታል፤ በየጊዜውም የሻይ ቅጠል ተብሎ ታሽጎ ይይዙታል። «ይቺን ሻይ ቅጠል ለእህቴ አድርስልኝ» ብሎ ቦሌ ድረስ የሚመጣ ዘመድ ወይም ጎረቤት አይጠፋም። ስንደርስ ግን የሚጠየቀው ላኪው ሳይሆን ሻንጣውን የያዘው ሰው ነው።